የወይዘሮ ልዕልት ዘፈን

አባዲት የኪቦርዱን ገመድ ከግድግዳው ስትመነጭቀው ሶኬቱ ብልጭ አለ፤ ዘፈኑም ከወገቡ ተቆረጠ። ፊሊጶስ ጣቶቹን ድምፅ ባጡት ቁልፎች ላይ እንደዘረጋ ቀና ብሎ አያት። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ ዝምተኛ ሰው ነው። በሠርግ ቤት ሰካራም እንዲህ አድርጎበት ያውቅ ይሆናል እንጂ የቤት ባለቤት አድርጋበት አታውቅም።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ አባዲት?»

«ይኼ ዘፈን በእኔ ቤት አይዘፈንም።» ገመዱ ከእጇ ተንጠልጥሏል። «ሌላ ያሰኘህን ዝፈን። ይኼን ግን በቁሜ አልሰማውም። የነገረህ የለም?»

የነገረው አልነበረም። ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለእሁድ ምሳ ይሆናል ያለውን ጠዋት ላይ ሲሞካክር ነበር። ሕድሪ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ያን ሶኬት ፉንዲው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ ያደሰው እኮ ባለፈው ሳምንት ነው!» ወደ ፊሊጶስ ዞር አለች። «ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ጋሽ ፊሊጶስ። ልነግርህ ነበር፣ ረሳሁት። ሩል ነው። ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቅም።»

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ፣ ይህን ሕግ የማያውቅ የአባዲት ምግብ ቤት ደንበኛ የለም። ከቅዳሴ መልስ የሚመጡት አዛውንቶችም፣ በየድርጅቱ የሚሠሩት የአዲስ አበባ ልጆችም፣ የአየር መንገድ ሰዎችም ያውቁታል። ሽሮው ቀጠነ ቢሏት ትስቃለች፣ ወንበሩ ጎረበጠኝ ቢሏት የራሷን ትለቃለች። «በሩን አልዘጋሁም» የሚለው ዘፈን ይመረጥልኝ ያለ እንደሆነ ግን ሳህኑን ከፊቱ ታነሳበታለች። ሰውም መቼ ዝም ይላል፤ አንዱ ዘፋኙ ከድቷት ነው ይላል፣ ሌላው ወንድሟ የሞተ ቀን ሰምታው ነው ይላል። ነገሩን በግማሽ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ባሏ ዑቕባዝጊ። እሱም ካረፈ ስምንት ዓመት አልፎታል።

የድሮ ወዳጇ ተክሉ የደወለው ሐሙስ ዕለት ነው። አዲስ አበባ በአንድ የእርዳታ ድርጅት እንደሚሠራ፣ ለአንድ ሳምንት ስልጠና እንደመጣ፣ ኪሌሌሽዋ እንዳረፈ፣ ቁጥሯንም እዚህ ቤት ምሳ ከበላ ባልደረባው እንዳገኘ ነገራት። ሃያ ሰባት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነው። «አባዲቴ፣ ሳላይሽ አልሄድም» አላት። አባዲቴ! በየትኛው መብቱ? ስልኩን ጆሮው ላይ ልትዘጋበት ቃጥቷት ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አላት፤ ሃያ አምስት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰክቶ የኖረ። «እሁድ ስምንት ሰዓት ና፤ ምሳ ትበላለህ» አለችው። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው የሚባለው ለእንዲህ ያለው እንግዳ ነው።

ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ ያን ቅዳሜ ዘፈኑን ያስመረጥከው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?

አባዲት አሥመራ ተወልዳ በስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ የገባች፣ ካዛንቺስ ያደገች ሴት ናት። በ1990 ክረምት ጦርነቱ ሲጀመር እንደሷ ያሉትን ከየቤታቸው እየለቀሙ ወደ ድንበር መጫን ተጀመረ። ተራዋ ሳይደርስ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በተክሉ የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሁለቱ ተመካከሩ። ስልክ ተቆርጧል። ፖስታ ተቆርጧል። በሁለቱ አገሮች መካከል የቀረ ነገር ቢኖር የሬድዮ ሞገድ ብቻ ነበር፤ እሱን ማንም ኬላ አቁሞ ሊፈትሸው አይችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዘፈን ምርጫ ነበረ። ሰው ስሙን ጽፎ ይልካል፣ አንባቢው ለእገሌ ከእገሌ ብሎ ያነባል።

«ለአክስቴ ለወይዘሮ ልዕልት፣ ካሉበት» ይባላል ተባባሉ። ወይዘሮ ልዕልት የምትባል አክስት ለአንዳቸውም የላቸውም። በዚህ ስም «በሩን አልዘጋሁም» ከተመረጠ፣ ተክሉ ጓዙን ጠቅልሏል፣ ናይሮቢ እንገናኝ ማለት ነው። በዚሁ ስም ሌላ ዘፈን ከተመረጠ፣ አልመጣም፣ አትጠብቂኝ ማለት ነው። ናይሮቢን የመረጡት ለሁለቱም የተከፈተ ሌላ በር ስላልነበረ ነው። ይህን ዘፈን የመረጡት ደግሞ የራሳቸው ዘፈን ስለሆነ ነው፤ እንደ ልጅ!

አሥመራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቅዳሜን ጠበቀች። እናቷ የጠላት ሬድዮ ጎረቤት ይስማብን ወይ እያሉ ይቆጡ ነበር። ጥቅምት 1993፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንባቢው ደብዳቤ ሲከፍት እናቷ ከገበያ ገቡና ቀጭ አድርገው ዘጉት። ታገሉ። እናትና ልጅ በአንዲት ሬድዮ ተናነቁ። አባዲት መልሳ ስትከፍተው ስሙ ተነቦ አልቋል፤ የዘፈኑ መግቢያ ክራር ብቻ ነው የደረሳት። ከዚያ ያ የታወቀ ድምፅ መጣ፦

በሩን አልዘጋሁም ትመጪ እንደሆነ፣
ሰው ባለፈ ቁጥር ልቤ እየባነነ።

ለማን እንደተመረጠ አልሰማችም። ልቧ ግን የጎደለውን ሞልቶ አነበበላት። የእናቷን ቡራኬ ሳትቀበል፣ ሐብሏን ሸጣ በካሰላ በኩል ወደ ሱዳን ወጣች፤ ከካርቱም ናይሮቢ ገባች። ከሞያሌ የሚመጡት አውቶብሶች ኢስሊ ሰፈር ሲያራግፉ አራት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ እየሄደች የሚወርደውን ሰው ፊት ቆጠረች። ተክሉ አልወረደም። ስሙን አለመስማቷን ለአንድም ሰው አልተናገረችም፤ ለዑቕባዝጊም ቢሆን። እሱ የሚያውቀው አንድ ሰው ዘፈን ልኮ እንደቀረባት ነው።

ዑቕባዝጊ በኪሪንያጋ መንገድ የማታቱ ታክሲዎችን ሞተር የሚፈታ መካኒክ ነበር። አውቶብስ ተራው ላይ ቆማ ሲያያት ሁለት ዓመት፣ ሻይ ሲጋብዛት ሁለት ዓመት፣ ከዚያ አገባት። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ። ቅዳሜ ከሰዓት አባዲት ካሴቷን አውጥታ ያን ዘፈን ትከፍታለች። አትደብቀውም፤ እንዲያውም ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። ምን አስባ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እሱ ያኔ የሻይ ብርጭቆውን ያነሳና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮ ይወጣል። ከአሮጌ ፔጆ ነቅሎ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ያስቀመጠው ወንበር አለ፤ እዚያ ይቀመጣል። በሩንም ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው። «ዝጋው እንጂ፣ ዝንብ አስገባህብኝ!» ብላ ትጮህበታለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሶ ይገባና ብርጭቆውን ያጥባል። መስማት አስጠልቶት ይወጣል ብላ ነበር የምታስበው። ከተቀበረ በኋላ ካሴቱን ሰባብራ ጣለችው።

እሁድ ስምንት ሰዓት አለፈ። ተክሉ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ።

«የሞምባሳ መንገድ እኮ አይቻልም!» አለ ከመኪናው እንደወረደ፤ የዘገየው አርባ ደቂቃ ብቻ መስሎት። ጸጉሩ ሸብቷል። ሽበቱ ያምርበታል፤ ይህም አናደዳት። እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሲመጣ ትከሻዋን ሰጠችው።

«ካሪቡ፣ ጋሼ። እንኳን ደህና መጡ» አለች ሕድሪ፣ የማስታጠቢያውን ውሃ ይዛ።

«ልጅሽ ናት? አንቺን! ቁርጥ አንቺን!»

«አባቷን ነው የምትመስለው» አለች አባዲት።

የሥጋ ወጡ፣ ዝግኒው፣ መጣ። ተክሉ በላ፣ አደነቀ፣ ደግሞ በላ። በዙሪያው ባሉት አምስት ስድስት ጠረጴዛዎች የተለመዱት ደንበኞች ያወራሉ። ፊሊጶስ ጥግ ላይ ለስለስ ያለ ነገር ይነካካል፤ ሶኬቱ ከነቁስሉ ሠርቶለታል። አባዲት ከተክሉ ፊት ለፊት ተቀምጣ የጠረጴዛውን ጨርቅ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ታውቂያለሽ» አለ ተክሉ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ኋላ ደገፍ እያለ። «ያ ዘፈናችን መኪናዬ ውስጥ ሁሌም አለ። ከሥራ ስወጣ እከፍተዋለሁ። ያቺ ክፍሌ፣ ያ ሰማያዊ ሹራብሽ፣ ዝናቡ… ሁሉም ይመጣብኛል። አንዳንዴ መንገድ ዳር አቁሜ አለቅሳለሁ፣ እመኚኝ። ደግሞ ደስ ይላል። እንዴት ልበልሽ… ሐዘኑ ራሱ ደስ ይላል።» ዓይኑ እውነትም እንባ አቀረረ።

ደስ ይላል! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የዚህ ሰውዬ እንባ ግን አንጀትም አያሻው፣ መኪናና ሙዚቃ ይበቃዋል። አፏን ልትከፍት ስትል እሱ ስልኩን አወጣ።

«ትልቋ ልጄ ይቺ ናት። ስምረት። ዘንድሮ ሐኪም ሆነች። ሃያ አምስት ዓመቷ፣ አስቢው! መስከረም 93 ነው የተወለደችው።»

አባዲት ፎቶውን አየች። ጥቁር ካባ የለበሰች፣ ጥርሷ የተከፈተ ቆንጆ ልጅ ናት። መስከረም 93። ዘፈኑ የተዘፈነው ጥቅምት ነው። እሷ አሥመራ ላይ ከእናቷ ጋር በሬድዮ ስትናነቅ፣ ይህ ሰው የአንድ ወር ሕፃን ታቅፎ እሹሩሩ ይል ነበር። መልሱ ይኸው፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ መጣ። ግን ሃያ አምስት ዓመት የተሸከሙትን ጥያቄ ሳይጠይቁ መጣል የት አለ?

«ተክሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥቅምት 93፣ ቅዳሜ፣ በሬድዮ ዘፈኑን ያስመረጥክልኝ አንተ ነህ?»

«የቱን ዘፈን?» አለ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ቶሎ አስተካከለ። «አዎ… እኔ ነኝ እንጂ! ሌላ ማን ይሆናል?»

«በማን ስም?»

«በ… በስምሽ ነዋ። ለአባዲት ብዬ።»

«ወይዘሮ ልዕልትስ?»

«ወይዘሮ ልዕልት ማናት?»

ውሸቱ እንኳ እንዲህ አላቃጠላትም። ወይዘሮ ልዕልት ማናት! ሹራቧን ከነቀለሙ ያስታውሳል። የዝናቡን ድምፅ ያስታውሳል። ያን ቀን የተማማሉበትን ነገር ግን ከአእምሮው እንደ ፍርፋሪ ጠርጎ አውጥቶታል። አልካዳትም እንኳን፤ ለመካድ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አባዲት ነገረችው። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ስለ ወይዘሮ ልዕልት ስም፣ ስለ ሐብሏ፣ ስለ ካሰላ መንገድ፣ ስለ ኢስሊው አውቶብስ ተራ ነገረችው። በጎረቤት ጠረጴዛዎች ያሉት አንድ በአንድ ዞር ብለው ያዳምጡ ጀመር።

«በእግዚአብሔር…» አለ ተክሉ። «አባዲት፣ ምን ልበልሽ? ጦርነት ነበር። ትመለሻለሽ ብዬ አላሰብኩም። እኔም ሰው ነኝ።»

«ሰው መሆንህን ማን ከለከለህ? ሚስት አግባ፣ ውለድ፣ ማን ከለከለህ? አንዲት ቅዳሜ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የማንንም ዘፈን ጽፈህ በወይዘሮ ልዕልት ስም ብትልክልኝ ምን ነበረበት? አልመጣም ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር?» ከወንበሯ ተነስታለች። «አንተ ዘፈኑን ይዘህ ቀረህ፤ እኔ ቃሉን ይዤ ቀረሁ። አንተ መኪናህ ውስጥ አልቅሰህ ደስ ይልሃል። እኔ በዚህ ዘፈን እናቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ!»

ሕድሪ ትሪ እንደያዘች በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ይህን ሁሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ተክሉ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመለከታል። የተከበረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ዓይን አልለመደም። ነገር ማብረድ አማረውና የማይሆን ነገር አደረገ፤ የማያውቅ ሰው ብቻ የሚያደርገውን። ወደ ፊሊጶስ ዞሮ እጁን አነሳ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ያቺን ‹በሩን አልዘጋሁም› የምትለዋን… ለአባዲት፣ ከተክሉ በልልኝ። ካሳ ትሁናት። ዘግይቶም ቢሆን ምርጫዬን ልላክላት።»

አንድ አዛውንት ጉርሻቸውን አፋቸው ደጃፍ ላይ አቆሙት። ፊሊጶስ ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ አባዲትን አየ።

አባዲት ግን ተክሉን አላየችውም። አንድ ነገር እየገባት ነበር፤ ሲገባት ደግሞ ከቁጣዋ ሁሉ የባሰ ቁጣ ይዞባት መጣ፣ በራሷ ላይ። ያን ቅዳሜ የተዘፈነው ለሌላ ሰው ነበር። ለሙሽራ ይሁን፣ ለወታደር ይሁን፣ ለእውነተኛ አክስት ይሁን፣ የማታውቀው ሰው ለማታውቀው ሰው የመረጠው ነው። እሷ የሰው ዘፈን ይዛ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ በአንድ ጨዋ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፍታለች። ሁለት ዓመት ቆሞ የጠበቃት፣ አውቶብስ ተራ ላይ ዝናብ ሲመጣ ኮቱን የሰጣት ሰው ብርጭቆውን ይዞ ሲወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ወዴት ነህ አላለችውም። በሩን ዝጋ ነው ያለችው።

ወደ ፊሊጶስ ሄደች። ሕድሪ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሶኬቱን ተዪው» ብላ ልትይዛት ተንደረደረች። አባዲት ግን ገመዱን አልነካችውም።

«ዝፈነው» አለችው።

«እትዬ?»

«ዝፈነው። ምርጫው ግን የዚህ ሰውዬ አይደለም፣ የእኔ ነው። በማይኩ እንዲህ በል፤ ለአቶ ዑቕባዝጊ፣ ካለበት፣ ከባለቤቱ ከአባዲት። ስሙን ሁለት ጊዜ ጥራው። እንዳያመልጠው።»

ተክሉ ሊነሳ ሲል ዞር ብላ አየችው። «ቁጭ በል። ምሳ ጋብዤሃለሁ፤ ጨርስ። ዘፈን ግን አልጋበዝኩህም።»

ፊሊጶስ ማይኩን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገና ዑቕባዝጊ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሬድዮ አንባቢ ጠራው። አዛውንቶቹ ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ፤ ሰውየውን ያውቁት ነበር። መግቢያው ሲጀምር አባዲት ከጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ አነሳች፣ የማን እንደሆነም አላየች፣ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣች።

የፔጆው ወንበር ቆዳው ተተርትሯል፣ ሽቦው ወጥቷል። ካረፈ ጀምሮ የተቀመጠበት የለም። የወደቁ የአቮካዶ ቅጠሎችን በእጇ ጠርጋ ተቀመጠች። ሻዩ ቀዝቅዟል። እዚህ ሆኖ ምን ያስብ ነበር? ምናልባት ሞተር። ምናልባት ምንም። ዘፈኑን ሽሽት የመጣ ሰው ምን ያስባል?

ከዚያ የፊሊጶስ ድምፅ መጣ።

በሩን አልዘጋሁም ትመጪ እንደሆነ…

አባዲት ብርጭቆውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚህ ይሰማል። ሁሉም ይሰማል፣ ከውስጥ ይልቅ እንዲያውም እዚህ ይጠራል። የሳህን ኳኳታ የለ፣ የሰው ወሬ የለ፤ ግድግዳው ድምፁን ሰብስቦ ገርበብ ባለው በር በኩል ወደዚህ ወንበር ይልከዋል። ከአንዲቱ ስንኝ አንዲት ቃል አይጎድልም። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ ተቀምጦ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል።

«እኔ ምን አድርጌሃለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ምን አድርጌሃለሁ፣ ዑቕባዝጊ? አንድ ቀን ብትቆጣኝ ምን ነበረበት!» ወንበሩን በመዳፏ መታችው። አቧራው ቦነነ።

ሕድሪ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየቻት። ዓይኗ ቀልቷል። እጇ የበሩን እጀታ ይዟል።

«ማሚ… ዝንብ እየገባ ነው። በሩን ልዝጋው?»

ከውስጥ ፊሊጶስ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ገብቷል።

«ተዪው» አለቻት። «ይግባ። ዘፈኑ ይለቅ።»